የጀልባ ሞተር ውስጥ ያገኘሁት ቀርከሃ

ረቡዕ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አሶሳ

እጄ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ሐጂ ኢድሪስ ዓባይ ላይ ሰው የሚያሻግሩበት አሮጌ የጀልባ ሞተር ነዳጅ አሰጣጡ አስቸግሯቸው ጋራዤ አመጡት። ክዳኑን ስከፍት፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ከካርቡራተሩ የሚያገናኘው ዘንግ ብረት አይደለም። ዘይት ጠጥታ የጠቆረች የቀርከሃ ስንጣሪ ናት። ሳቅሁ። አውጥቼ ጣልኳትና እንደለመድኩት የባጃጅ ካቦ፣ የነዳጅ መሳቢያውን ቀጭን የሽቦ ገመድ፣ አሰርኩ።

ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አስነሳሁት። ነዳጅ ስሰጠው ጮኸ፤ ስመልሰው ግን አልወርድ አለ። ካቦ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ይሄ ሞተር ደግሞ የሚመልስለት ሞላ የለውም። ወንዝ መሀል ሰው ጭኖ እንዲህ ቢያደርግስ? ሞተሩን አጥፍቼ ካቦውን ፈታሁ።

ቀርከሃዋን ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጌ አወጣኋት። እሷ ምንም አልሆነችም፤ የተበላው የሚይዛት የብረት ፒን ነው። ፒኑን ቀይሬ መለስኳት። ነዳጅ ስሰጠው ጮኸ፤ ስመልሰው ልስልስ ብሎ ወረደ።

«ሐጂ፣ ይቺን ማን ነው የሠራት?»

«እናቴ ነው» አሉ፣ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» በሚለው አማርኛቸው። «ወንዙ መሀል ብረቱ ተሰበረ፣ ውሃው ሰዎቹን ከነጀልባው ወሰደ። እናቴ ከቅርጫቱ ቀርከሃ መዘዘ፣ በቢላዋ ጠረበ፣ አስገባ። ተሻገሩ። ያኔ እኔ አልተወለድኩም፣ ሆድ ውስጥ ነኝ።»

ሽበታቸውን አየሁ፤ ቀርከሃዋን አየሁ። በዕድሜ እሷ ትበልጣቸዋለች።

የጋራዤ አጥር ዙሪያውን ቀርከሃ ነው፤ በየቀኑ ልብ ሳልለው አልፈዋለሁ። ዛሬ ስወጣ አልፌው መሄድ አቃተኝ።