ከሰል የማይገባበት ትንሽ ካውያ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ዛሬም አመድ። ሃያ ሦስተኛዋን ቁራጭ ስተኩስ ከካውያው ጎን ባለው ቀዳዳ ፍንጣሪ ወጣችና ነጩ ሳቲን ላይ አረፈች። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ። ቁራጩን ጣልኩት። ካውያውንም ልወረውረው ነበር፣ ከበደኝ።

ይኼ ካውያ የሟቹ ባሌ ነው፣ ደብተሬ። እሱ የካኪ ሱሪ ሰፊ ነበር፤ ለካኪ ሱሪ ይኼን የመሰለ የለም። የኔ ሥራ ሌላ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ፣ እያንዳንዱ የመዳፍ ያህል፣ ሁለት መቶ አርባው ተገጣጥሞ አንድ ብርድ ልብስ። በዚያች ቀጭን ስፌት ላይ ይህን ዝሆን ሳስቀምጥ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ማዕዘኑ ይጣመማል።

ብርድ ልብሱ ለአዴ ዘይነባ ልጅ ሰርግ ነው። አዴ ዘይነባን በአሰበ ተፈሪ የማያውቅ የለም፤ ጫት ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ጥር 5 ቦኬ ለሚባለው አገር ሰዎች ትዳራለች። ትናንት መጥተው የሠራሁትን ዳበሱ። ስፌቱ ጣታቸውን ጎረበጣቸው። ያሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «አስካለ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የቦኬ ሰዎች ሙሽራዋ ድሪቶ ይዛ መጣች ካሉ ዋላሂ እኔም አንቺም ገበያ አንወጣም።»

ድሪቶ! ይህን ቃል እጠላዋለሁ። እዚህ አገር ቁራጭ ከቁራጭ የገጠመ ሁሉ ድሪቶ ሠራ ነው የሚባለው። ድሬዳዋ አራት ዓመት ያሠራችኝ አርመን ሴትዮ ግን ልዩነቱን አሳይታኛለች። ድሪቶ በመርፌ ያልቃል፣ ብርድ ልብስ በካውያ። እያንዳንዱ ስፌት ከጀርባው ተከፍቶ መተኛት አለበት። እሷ ለዚህ ሥራ ብቻ የምታነሳው ትንሽ ካውያ ነበራት። የጎደለኝ እሱ ነው እንጂ እጅ አልጎደለኝም።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ዓረቡ ሱቅ ሄድኩ። ትንሽ የከሰል ካውያ አለው፣ አዲስ። መዝጊያው ላይ አውራ ዶሮ ተቀምጦበታል። ባለሱቁ ዶሮውን እያገላበጠ ያሞግሳል፣ እኔ የካውያውን ሆድ አያለሁ። ቀዳዳው ያው ነው። ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል። አመዱ የት ሊሄድ ነው? ሳቲኔ ላይ። ታቹን በጥፍሬ ፈተንኩት፣ ሻካራ። መለስኩለት። ሴት ምን ታውቃለች በሚል ዓይን አየኝ። ዶሮ ልገዛ አልመጣሁም አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ የክሊኒኩ ድሬሰር ሚስት ቤት ገባሁ። የኤሌክትሪክ ካውያ አላት። አመድ የለው፣ ፍንጣሪ የለው። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። ግን መብራት የሚመጣው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። እኔ የምሠራው በፀሐይ ነው፤ ነጩን ሳቲን ከወተት መሳዩ በአምፖል ማን ይለያል? መጠኑም ከኔው አያንስም። ይቅርብኝ።

አሁን የምፈልገውን አውቄዋለሁ። ድፍን፣ ፈርኔሎ ላይ የሚጋል፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ድሬዳዋ መላክ ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ግርማ ሾፌሩ ዛሬ የአዴ ዘይነባን ጫት ጭኖ ወደ ድ.ዳ. ይሄዳል። በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። እንዳይሳሳት አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት፦ ትንሽ ካውያ፣ ድፍን፣ ከሰል ውስጡ የማይገባ፣ እሳት ላይ የሚጋል፣ ጫፉ ሹል፣ እጀታው እንጨት። አነበበና በዚህ ጽሑፍ ዕውርም አይሳሳትም አለ። ልክ ነው። እኔ ስጽፍ እንዲህ ነኝ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ጉድ!

ግርማ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ፈታሁ። የብረት ዘንግ፣ በአንድ ጫፉ የእንጨት እጀታ፣ በሌላው የመዳብ ጭንቅላት። የቆርቆሮ ሠሪ ካውያ! ባልዲ የሚበየድበት! ጮህኩበት። እሱ ምንም አልመሰለው። ወረቀቴን ከኪሱ አወጣና ጣቱን በየቃሉ ላይ እያሳረፈ አነበበልኝ። ትንሽ፣ ነው። ድፍን፣ ነው። ሹል፣ ነው። እንጨት፣ ነው። የቱ ጎደለ ይለኛል።

አንዱም አልጎደለም። እኔ ነኝ «የልብስ» የምትለዋን ቃል ያልጻፍኩ። ለልብሱም ለቆርቆሮውም ስሙ አንድ ካውያ ነው፣ ይኼ እንዴት ጠፋኝ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው ግን ድሬዳዋ ደርሶ ይመለሳል።

ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀረው። ከሁለት መቶ አርባው ስልሳ ብቻ ተተኩሷል፣ እሱም ጎርባጣ ነው። ግርማ ሌላ ይዞ እስኪመለስ ሳምንት ይሄዳል። ፈራሁ፣ ደብተሬ። ላንተ እንጂ ለማንም አልናገርም።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

እኔ ጋ ዝጎ ከሚቀር ለባለሙያው ይሁን ብዬ ለጋሽ ሙሜ፣ ለቆርቆሮ ሠሪው ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው በራ። መዳቡ ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል አሉ። ሊያሳዩኝ ፍም ውስጥ ከተቱት፣ አወጡት፣ ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። ግሏል አሉኝ።

ያን ጊዜ ነቃሁ። እኔም የልብስ ካውያ የምፈትነው በጉንጬ ነው።

ኪሴ ቁራጭ ጨርቅ አጥቶ አያውቅም። ሁለት የተገጠሙ አወጣሁ፣ ሳንቃቸው ላይ በጀርባቸው ዘረጋሁ፣ ዘንጉን ከእጃቸው ተቀበልኩ። አንቺ ሴት አብደሻል አሉ። ጫፉን በስፌቱ መካከል ሰደድኩት። ስፌቱ ግራና ቀኝ ተከፈለና ተኛ። ዳበስኩት፣ ጣቴ ምንም አላገኘም። እዚያው መንገድ ዳር እልል አልኩ! አላፊ አግዳሚው ጋሽ ሙሜ ሊያገቡ ነው መሰለው።

ጥቁር አሻራ ግን ጨርቁ ላይ ቀረ። ጋሽ ሙሜ የመዳቡን አንድ ፊት በሞረድ አስተካከሉልኝ፣ ጠርዙን አለዘቡልኝ። ሲመልሱልኝ እንዲህ አሉ፦ «የብየዳ እርሳስ ከነካው የኔ ነው፣ ወደ ጨርቅ አይመለስም። ገና አልነካውም፤ ያንቺ ነው።» እንዲህ እያሉ ዓይናቸው አሁንም እሱው ላይ ነበር። አሳዘኑኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

መላ ተገኘ። ካውያው ከፈርኔሎ ሲወጣ በእርጥብ አቡጀዲ መጥረግ፣ በጧፍ ቁራጭ ማሸት፣ ደግሞ መጥረግ። አሻራው ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን ስልሳም እንደገና ተኮስኳቸው።

ዛሬ አንድ መቶ ሰባ ደረስኩ። እጄ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ያውቃል። አንድ ክፋት አለው፣ ቶሎ ይበርዳል። አሥር ስፌት፣ ከዚያ ጥበቃ። ስጠብቅ እዘፍናለሁ። ትልቁንም ካውያ አልናቅሁትም። ሁሉ ተገጥሞ ሲያልቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በሱ እጨርሰዋለሁ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

አለቀ። ጥጡ ገባ፣ ገበሩ ተሰፋ። አዴ ዘይነባ መጡ። አልጋው ላይ ዘረጋሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር ነዱት። መለሱት፣ ደገሙት። «ማሻአላህ! ስፌቱ የት ሄደ?» አሉ።

በምን ተኮስሽው ቢሉኝ አውጥቼ አሳየኋቸው። ባልዲያቸው ሲጠገን ያዩትን ዕቃ አላጡትም። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ ለቦኬ ሰዎች ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። ሲወጡ ግን እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አራት ዓመት ድ.ዳ. ቁጭ ብዬ የተማርኩት እዚህ አገር ሰው መዳፍ ውስጥ ሲገባ ዛሬ አየሁ።

ጥር 7፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሰርጉ እሑድ ሆነ። የሙሽራው እናት ብርድ ልብሱን ዳብሰው፣ የየት አገር ፋብሪካ ነው የሠራው ብለው ጠየቁ። ይኼኔ ማን ያስችላቸው፣ አዴ ዘይነባ ራሳቸው አወጡት! አስካለ ናት፣ በባልዲ ካውያ! ትንፍሽ አትበይ ያሉኝ ሴትዮ! ድሪቶ የሚል ግን አልተሰማም። የሙሽራው እናት ለሁለት ሴት ልጆቻቸው አንዳንድ አዘዙ፣ ለሚያዝያ።

ግርማ ዛሬ ይሄዳል፤ ሞተሩን አስነስቶ ደጄ ላይ ጥሩምባ ያስጮኻል። ሁለተኛ ካውያ ያስፈልገኛል፣ አንዱ ሲበርድ አንዱ እንዲግል። አንድ ደግሞ ለጋሽ ሙሜ። ወረቀት አወጣሁ። ዝርዝር አላበዛሁም፣ ያቺን ቃል ግን አልረሳኋትም፦

«ሁለት ትንንሽ ካውያ። አደራ ግርማ፣ የልብስ እንዳይሆን።»