የጊሪ ወረዳ ታሪክ ጸሐፊ፣ አቶ ገላው አበጀ

አቶ ገላው ከአባታቸው ከአቶ አበጀ ኪራኮስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዓለም በ1943 ዓ.ም. በአርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ባለርስት ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ ሲያስነሡ አቶ ገላው ቆመው አይተዋል። ወንድማቸው አቶ አሥራት ይህ ነገር ዛሬ በቀብራቸው ላይ እንዳይነበብ አጥብቀው አሳስበው ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እኅታቸው የዓለምዘርፍ ግን አልሰማቻቸውም።

በ1963 ዓ.ም. ለግብርና ትምህርት ወደ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ሄዱ። እዚያ ጊሪ በሚባል የገጠር ወረዳ፣ በቤናሂ ተራራ ላይ፣ ቀደም ባለው ዘመን ድሆች በጋራ መሬት ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። በ1859 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ባላባቶች ተራራውን ተከፋፈሉት። ነዋሪዎቹን ጭሰኛ አደረጓቸው፤ ኋላም ከፊሎቹን አስወጥተው ቤታቸውን አፈረሱ። አቶ ገላው ፍርስራሹን ባዩ ቀን የአባታቸው ጭሰኞች ፊት ለፊታቸው ድቅን እንዳሉባቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ መጥተው በሲልቨር ስፕሪንግ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነዱ። ትዳር አልያዙም። በዕረፍት ቀናቸው የጊሪን ታሪክ በአማርኛ፣ በእጃቸው፣ በአሥራ አንድ ደብተር ጻፉ። አሥራ አንደኛው ስለ ጭላሎ ነበር። አቶ አሥራት "የፈረንጅ ገበሬ ለኛ ምናችን ነው?" ይሉ ነበር። ያንገበገባቸው ግን ፈረንጁ ሳይሆን የአባታቸው ስም መነሣቱ ነው።

ኩላሊታቸው ሲደክም እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ደብተሮቹም በካርቶን ሆነው ከምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ተቀመጡ። በግንቦት ወር እርሳቸው ሆስፒታል ሳሉ፣ ለወንድማቸው ልጅ ለነህምያ ምርቃት ድግስ ቦታ ጠበበ ተባለ። ካርቶኑን የቆሻሻ መኪና ወሰደው። ነህምያ "ዳዲ ቤዝመንቱን ክሊን አድርገው አለኝ" ብሏል፤ በልጁ አንፈርድም። ያን ድግስ የበሉት ዛሬ የፊት ወንበር ይዘው ያለቅሳሉ።

አቶ ገላው "ደብተሮቼስ?" እያሉ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። "በደህና ተቀምጠዋል" ተባሉ። እንዲህ ብላ የዋሸቻቸው ይህችው እኅታቸው ናት። እርሷን አምነው ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው አንድ ወንድም፣ አንድ እኅት፣ አንድ የወንድም ልጅ፣ ከሆስፒታሉ ትራሳቸው ሥር ደግሞ አንድ ደብተር ትተዋል። የጭላሎው ነው። አቶ አሥራት ትናንት ደብተሩ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። አያገኙትም።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ማንም መጥቶ ተነሡ ከማይላቸው ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።