የአባዬ አምስት ደቂቃ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ
ዛሬም ኮሌጅ ዘግይቼ ደረስኩ። የክፍሉ ልጆች «ማዘር» ይሉኛል... በአርባ አንድ ዓመቴ ሚዲያና ኮሙኒኬሽን ልማር ስል ትርፉ ይኸው ነው። አስተማሪው ራሱ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው። የቤት ሥራ ሰጠን፤ የአንድ ሰው ታሪክ፣ ለሬዲዮ፣ ልክ አምስት ደቂቃ። ማንን ልቅዳ? ምን ይጠየቃል፣ አባዬን ነዋ!

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ
የአባዬ ጉሮሮ ኦፕራሲዮን ይደረጋል አለ ሐኪሙ። በሚቀጥለው ወር።
«ድምፁስ ይተርፋል?» አልኩት።
«መጀመሪያ ሕይወቱን እናትርፍ።»
ይሄ መልስ ነው? ቶሎ መቅዳት አለብኝ።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ
ከኮሌጁ በተዋስኩት መቅጃ ቀዳሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ። በመኪና እየዞረ ፊልም ያስተዋውቅ የነበረበትን ዘመን አወራልኝ። ሞንታርቦው ጣሪያው ላይ ታስሮ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ እግሬ ወለሉ ላይ አይደርስም... «እሁድ በአሥር ሰዓት! እንዳያመልጥዎ!» ሲል ሰው በየመስኮቱ ብቅ ይላል። ያኔ ከአባዬ የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ወይ ጊዜ! አሁን ይስላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። እማዬን ሲያነሳማ ዝም አለ... ረጅም ዝም።

ጥቅምት 17፣ አርብ
ሳምንቱን ሙሉ ኮሌጁ ስቱዲዮ ውስጥ ስቆርጥ ስቀጥል ከረምኩ። ሳሉን አወጣሁ። ዝምታውን አወጣሁ። ትንፋሹንም ሳይቀር። ልክ አምስት ደቂቃ! ቴክኒሻኑ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ
ክፍል ውስጥ ተሰማ። አስተማሪው «ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አለ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። በደስታ ክንፍ አውጥቼ ቤት ገባሁና ለአባዬ ከፈትኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።
«ማነው ይሄ ሰውዬ?»
«አንተ ነህ እንጂ አባዬ!»
«እኔ? ማን እያባረረኝ ነው እንዲህ የምሮጠው? እናትሽን አግብቼ ሳልጨርስ ቀበርኳት እኮ!»
ሳቀ። እኔ ግን ቅስሜ ተሰበረ።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ
ያልተቆረጠውን ፍለጋ ስቱዲዮ ሮጥኩ። የለም። መቅጃውም ለሌላ ተማሪ ተሰጥቶ ተደምስሷል።
«አርብ አርብ ኮምፒውተሮቹን እናጸዳለን፤ በሩ ላይ ተለጥፏል። አላነበብሽም?» አለኝ ቴክኒሻኑ።
አላነበብኩም! ዕድሜውን በማስታወቂያ የጨረሰ ሰው ልጅ ማስታወቂያ ሳታነብ... እንደገና ልቅዳው ብዬ ቤት ብከንፍ፣ ድምፁ ተዘግቷል። ሹክሹክታ ብቻ። ሐኪሙ ደንግጦ ኦፕራሲዮኑን ወደ ነገ አመጣው። የአንድ ሰዓት አባት በገዛ እጄ አምስት ደቂቃ አደረግሁት። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ
ተርፏል፣ ተመስገን። ድምፁ ግን አልተረፈም።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ
ያንን ቅጂ ዳግም ላልሰማው ምዬ ነበር። ዛሬ አባዬ ስልኬን በጣቱ እያሳየ ክፈቺው አለኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ከፈትኩለት።
ገና እማዬን ሲያነሳ እጁን ከፍ አደረገ። አቁሚ። አቆምኩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ... ቆየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ቀጥዪ። ትንሽ እንደሄደ ደግሞ እጁ ተነሳ። እዚህ ጋ ስሎ ነበር፤ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። የቆረጥኩበትን አንድ በአንድ ያውቀዋል! እሱ እጁን ያነሳል፣ እኔ አቆማለሁ፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን።
አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብን። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ድገሚው አለኝ፣ በጣቱ። ደገምኩለት።