የጎንህን ስብራት ተናገርኩት

ታድዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ አልጋ ያዝክ፣ በፋሲካ ማግስት ቀበርንህ፤ ይኸው ሌላ ጾም ገባ። ቤትህ ደህና ነው። ልጅህ ሰላም ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ገብታለች፤ ጠዋት በሰርቪስ ትወጣለች፣ ማታ ጣቷን እያሻሸች ትገባለች። የጓሮው ፓፓያ ዘንድሮ አፍርቷል። ኮርኒሱ አሁንም ያፈሳል።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ያስማልከኝን መሐላ አፍርሻለሁ። ግርማን ተበቅዬልሃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ደጃችን፣ በለቅሶህ ድንኳን ውስጥ ነው። ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ እንደ ልማዳቸው በአንተ ይከራከራሉ፤ ታደለ የብቃቱ ጫፍ ላይ የነበረው መቼ ነው? ጎረቤታችን ሰይድ፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ “ገና በልጅነቱ፣ ያንን የአሰላ ወታደር በመጀመሪያው ዙር በዝረራ ሲጥለው ነዋ!” ይላል። ሌሎቹ ደግሞ “ኧረ ያኔ ጉልበት ብቻ ነበር፤ የበሰለው በኋላ ነው፣ መታገስ ሲያውቅበት” ይላሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስምህ እየተነሳ ነዋ።

ከዚያ ግርማ፣ ለብሔራዊ ቡድን በከባድ ሚዛን ለመመረጥ ስትጋጠሙ ያሸነፈህ የቢሾፍቱው ግርማ፣ ካርታውን ወርወር አደረገና “ጫፍ ላይ የነበረውማ እኔ የጣልኩት ቀን ነው። እኔ ደካማ ሰው አልመታሁም” አለ። ገና ሠልስትህ ሳይወጣ። በድንኳንህ ተቀምጦ፣ ንፍሮህን እየቆረጠመ።

የዚያን የግጥሚያ ሳምንት ነገር አንተም እኔም እናውቃለን። መቂ ሽንኩርት ስትጭን ጆንያ ከመኪናው ላይ ተንሸራቶ ግራ ጎንህን ሰበረህ። ይቅርብህ ብዬ ለመንኩህ፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዕድል አይመጣም አልክ። በነጠላዬ ጎንህን ጠፍሬ ሳስርህ ግርማ ብርቱካን ይዞ ገባ። ያኔ ወዳጃችን ነበር፤ ከገበታችን የቆረሰ ሰው። አየህ፣ አዘነልህ፣ ለሰው አልናገርም ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ለሰው አልተናገረም። ሪንግ ላይ ሲወጣ ግን ፊትህን ከነመኖሩም ረሳው። ግራ ጎንህን ብቻ። ደግሞ እዚያው፣ ደግሞ እዚያው። ሕዝቡ ይጮሃል፤ እኔ ከመሃላቸው ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ ቀረሁ። በመጨረሻው ዙር ተንበረከክህ።

እሱ ብሔራዊ ቡድን ገባ፣ አንተ ወደ ሽንኩርትህ ተመለስክ። “ቦክሰኛ ሰበብ አያወራም፤ ትንፍሽ እንዳትዪ” ብለህ አስማልከኝ። እስክትሞት ጠበቅኩልህ።

ባለፈው ወር የከተማው ሬዲዮ ስለ ድሮ ቦክሰኞች ፕሮግራም አዘጋጀ። ክርክሩ ያው ነው፤ እንግዳው ግርማ። ሰይድ ድምፁን ለቆት ኖሮ እስከ ደጄ ይሰማል። ግርማ “ነፍሱን ይማረውና፣ ታደለ ያን ቀን እንደ ድንጋይ ጤነኛ ነበር” ሲል ስልኬን አነሳሁ።

“የታደለ ባለቤት ነኝ” አልኩ። አዘጋጁ ደስ ብሎት ተቀበለኝ።

“ግርማ፣ በግጥሚያው ሳምንት ቤታችን መጥተህ ነበር?”

“መጥቻለሁ እንጂ! ታደለ እኮ ወንድሜ ነው።”

“ምን ልታደርግ?”

“ልጠይቀው ነዋ። ብርቱካንም ይዤ ነበር፤ አንቺው ነሽ የተቀበልሽኝ።”

“ጤነኛ ሰው ብርቱካን ተይዞለት ይጠየቃል ወይ?”

ታድዬ፣ ያኔ ብትሰማው! አዘጋጁ “አቶ ግርማ?” ቢለው “ብርቱካኑማ… እንዲያው…” እያለ ተንተባተበ። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጆንያውን፣ ነጠላዬን፣ ግራ ጎንህን። “ባሌ ሰበብ ሳይናገር ሞቷል፤ የምናገረው እኔ ነኝ” አልኩ። ማስታወቂያ አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ልጆች “ጠያቂው” ይሉታል። እዚህ አዳማ ሲመጣ “ጠያቂው፣ ብርቱካን አይገዙም?” እያሉ ይከተሉታል። ስሙ ቢሾፍቱም ቀድሞት ገባ አሉ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል። ሰላም “እማዬ፣ አሁንስ በቃሽ” ትለኛለች። አልበቃኝም።

ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ ሰይድም አብሯቸው መጣ። የተሰበረ ጎን ፈልጎ መምታቱን በዚያው ሬዲዮ በገዛ አፉ ይናገር፣ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ነው አልኳቸው። እስካሁን አልተናገረም። ሰይድ ሲወጣ “ልክ ነሽ፤ ግን ከባድ ሴት ነሽ” አለኝ። “ከባድ ሚዛን አይደል ያገባሁት?” አልኩት። ሳቀ።

ክርክሩ አሁን ተለውጧል። ጫፍ ላይ የነበረው በተሰበረ ጎኑ እስከ መጨረሻው ዙር የቆመ ለታ ነው የሚሉ በዝተዋል። እኔን ከጠየቁኝ ግን እነሱ ያላዩት ነው። ጎህ ሲቀድ በወንጂ መንገድ ስትሮጥ፣ እኔ በኪራይ ብስክሌት ስከተልህ፣ ዳገቱ ላይ ዞር ብለህ በአንድ እጅህ ከነብስክሌቱ እየገፋህ ያወጣኸኝ ለታ። ትንፋሽህ እንኳ አልተዛባም። ያን ቀን ማንም አይጥልህም ነበር።

በሙት ዓመትህ ድንኳን እንጥላለን። ግርማም እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። አላስወጣውም፤ ይቀመጥ፣ ይብላ። ሰው ሁሉ ባለበት ያን ሳምንት ከጆንያው ጀምሬ እተርከዋለሁ፤ በየዓመቱ እተርከዋለሁ። እኔ አልረሳህም፤ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም።

ያንተው አስናቀች