«እርስዎ» ያሉኝ ዕለት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፦

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ መልሱን እየፈራሁ ነው። ምግብ መቅመስ ጀመሩ? ላቡስ ተወዎት? የእማዬ ወገብ እንዴት ነው? እኔ ለክፉ የሚሰጠኝ የለም። ነጭ ጋውኔን ለብሼ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አለቃዬ «አንቺ ልጅ፣ የሚያሳድድሽ የለም እኮ፤ ቀስ በይ» ይለኛል።

አባባ፣ ባለፈው እሑድ የሆነውን ፈጽሞ እንደማያስታውሱ ወንድሜ ነገረኝ። «ያበዳችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ስቀውበታል አሉ። ስለዚህ በጆሮዬ የሰማሁትን ልጻፍልዎት፤ በስልክማ በቀልድ ያመልጡኛል።

ረፋዱ ላይ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አሉኝ። «እኔ ነኝ አባባ» ብልዎት፣ «እርስዎ ደህና ነዎት?» አሉ። ሳቅኩ። ስመረቅ «ከእንግዲህ እርስዎ ነው የምባለው» እያልኩ ያስቸገርኩዎት ትዝ አለኝና፣ በመጨረሻ ተሸነፉልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እርስዎ ግን በዚያው ለእንግዳ በሚሆን ለስላሳ ድምፅ «ልጄን ፈልገው ከሆነ እዚሁ አጠገቤ ወንበሩ ላይ ናት። እግሯ ገና መሬት አይደርስም» አሉኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ማን ናት እያለች ትጠይቀኛለች። ማን ልበላት?» አሉ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እማዬ ገበያ ወጥታ ነበር። ከጓሮ ሮጦ ሲገባ በላብ ተጠምቀው፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ፣ ባዶውን ወንበር እያዩ ፈገግ ብለው አገኘዎት። ጎረቤታችን «የማይታይ ነገር አይተው ነው፤ አትንኳቸው» ስትል በስልኩ ሰማኋት። እኔ «ስኳር በጥብጠህ አጠጣቸው!» እያልኩ እጮኻለሁ። ጠጡና ወደ ልብዎ ተመለሱ። «ይህችን ልጅ ምን ያስጮኻታል?» አሉ። ያለፈ መሰለን። ከሰዓት በኋላ ግን እንደገና ወደ ወንበሩ ዞረው «መጣሽ?» አሏት። ሐኪም ቤት የወሰዱዎት ያኔ ነው።

አባባ፣ ያ መንፈስ አይደለም፤ ስኳርዎ ወርዶ ነው። የስኳር ክኒንዎ፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ሥራዋ ስኳር ማውረድ ነው። ለሽንቱ ሕመም የተሰጠዎት ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ጉልበት ይጨምርላታል። ሕመሙ ምግብ ዘግቶብዎት ስለነበር በባዶ ሆድዎ ሁለቱ ተባበሩብዎት። ሐኪሙ እሱን ሲያዝልዎት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ቢልዎት «የለም» ብለዋል። ወንድሜ ቢቆጣዎት «እሷማ መድኃኒት አይደለችም፤ የቁርሴ ጓደኛ ናት» አሉት አሉ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ስንት ዓመት አብራ ስለበላች እኮ ዘመድ አትሆንም!

አሁን ደግሞ «ሐኪም ቤት ሳለሁ ያለፈኝን ክኒን ደርቤ እውጣለሁ» ማለትዎን ሰማሁ። ሌት ተቀን የሚያባንነኝ ይህ ነው። በእኔ ሞት፣ እንዳይደርቡ! ያለፈው አለፈ። ሐኪሙ አሁን ያዘዘልዎትን ብቻ ይውሰዱ፤ በራስዎ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ምግብ ካልቀመሱ ክኒኗን አይዋጡ፤ ይልቅ ሐኪሙን ይጠይቁ። አዲስ መድኃኒት ሊሰጥዎት ለተነሳ ሁሉ ያቺን ጓደኛዎን ከኪስዎ አውጥተው ያሳዩት። ካላበዎት ወይም ከተንቀጠቀጡ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ይጠጡ፤ ወዲያው እህል ይቅመሱ። ቢሻልዎትም ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እንዳየነው የሄደ መስሎ ይመለሳል። ራስዎን ከሳቱ ግን ማንም በአፍዎ ምንም እንዳይጨምር፤ ይዘዎት ይሩጡ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከእንግዲህ ስደውል መጀመሪያ «አንቺ» ይበሉኝ። «አንቺ ቀዥቃዣ» ቢሉኝም እሰየው። «እርስዎ» ካሉኝ ግን ወንድሜን በስኳር አስሮጠዋለሁ። ያንን ማዕረግ መልሻለሁ፤ ይቅርብኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ስለ ሩጫው ያመስግኑልኝ፤ ሚስቱንም ሰላም ይበሉልኝ። ድንቡሼ ልጃቸውን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንንም፣ ብታስደነግጠኝም፣ ሰላም ይበሉልኝ።

ወንበሩ ላይ ለምትቀመጠው ልጅ ግን ሰላምታ የለኝም። እኔን ብትመስልም፣ «አባባ» ብላ ብትጠራዎትም፣ ስኳሩን ይጠጡ እንጂ አይመልሱላት። እኔ እዚህ ነኝ።

ልጅዎ

ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን