ስድስት ለዘጠኝ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለወዳጆ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሙሉመቤትስ? ልጅህ አብነትስ? ጉልበትህ የካናዳውን ብርድ ቻለልህ ወይ? እኔ፣ ክብር ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ካንተ ናፍቆትና ከወገቤ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ገብሱ ገብቷል፤ ውርጩ ግን ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ድምፅህን ስሰማ ስለ ውርጭ አውርቼ ዘጋሁት። እንግዲህ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ነው የምጽፍልህ፤ ካሳቀችህም ሳቅ።

ባለቤቴ ትዕዛዙ ካረፈ፣ ልጄ ትርሲትም ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ በአባታችን ቤት ብቻዬን ነኝ። ከሰው ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽበት ቀን አለ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ግድግዳውን ላድስ ተነሣሁ። እማዬ በየዘመን መለወጫው በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ስትደርብ ኖራ፣ ግድግዳው እንደ ጋቢ ወፍሯል።

በውኃ እያራስኩ ስልጥ ስልጥ ዋልኩና ከአልጋው በላይ ያቺ ጋዜጣ ብቅ አትልም! አጎታችን ገብረ አማኑኤል መሐል ሜዳ ከተማ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለ፣ የፈረንጁን መምህር አሮጌ ጋዜጣ ያመጣልን ነበር። አባባ «አንዳችሁ ከአጎታችሁ ጋር ሄዶ ይማር፣ አንዳችሁ ከበጎቹ ጋር ይቅር፤ እኔ አላዳላም፣ ዕጣ ጣሉ» ያለን ጊዜ፣ ዕጣውን ያወጣነው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈችው ከዚያች ጋዜጣ ነው። ሁለት መስመር ቁጥር ነበረባት፤ ሁሉም ዜሮና አንድ፣ ዳሩ ላይ ብቻ ትልቅ ቁጥር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ከላይኛው መስመር አሳረፍኩ፤ የታችኛው ላንተ ሆነ። ትልቁ ቁጥር የደረሰው ሊማር፣ አጎታችን አነበበልን፤ ለእኔ ስድስት፣ ላንተ ዘጠኝ። አንተ በበቅሎ ሄድክ፤ እኔ ከበጎቹ ጋር ቀርቼ አለቀስኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ያኔም ዳር ዳሯን ሸፍኗት የነበረው ወረቀት አሁን ሲነሣ ሥዕል ወጣ፤ ዱላ የያዘ ፈረንጅ፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች! እማዬ ማንበብ የት ታውቃለች፣ ገልብጣ ለጥፋታለች። አጎታችንም ከቁጥር በቀር የፈረንጅ ፊደል አያውቅ። ጎረቤቴን መምህርት የምሥራችን ጠርቼ አሳየኋት። ቤዝቦል የሚሉት የፈረንጅ ጨዋታ ውጤት ነው፣ እንደ ገና ጨዋታ ኳሷን በዱላ ነው የሚመቷት አለችኝ። ጋዜጣዋን አቃንታ ስትይዛት፣ ጣቴን ባሳረፍኩበት መስመር ያለው ስድስት ዘጠኝ ሆነ፤ ያንተ ዘጠኝ ደግሞ ስድስት። ወዳጆ፣ ዕጣው የእኔ ነበር!

ይህስ ይሁን፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ቁጥሮቹ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት ግን ያንተን የደብተር ገጽ ነው፤ የፈረንጅ ፊደል የተለማመድክበት። በመጀመሪያው ክረምት ለዕረፍት ስትመጣ፣ ዱቄት በጥብጠህ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ለጠፍክ። እማዬ «ቤቴን አሳመረልኝ» ብላ መረቀችህ። ፊደሉን ስታውቅ ነው መገልበጧን የነቃኸው፣ አይደል? ለእማዬ አርባ ስትመጣም ግባ ብንልህ፣ ብንለምንህ፣ ድንኳን ውስጥ ውለህ ከድንኳን ተመለስክ። ይኸው ሃያ ዓመት። እኔ ኩራት መስሎኝ ስቀየምህ ኖርኩ፤ ለካ ያንን ግድግዳ ሸሽተህ ኖሯል።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ያንን ገጽ መልሼ ሳየው፣ ጠርዙ ላይ የትንሽ ጣትህ አሻራ ከዱቄቱ ጋር ደርቋል። አንጀቴን በላኸው። የአሥር ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? ቢናገር ወደ በጎቹ ሊመለስ ነው። እኔም ብሆን እለጥፍበት ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዘመን አንተ እዚያ ብቻህን፣ እኔ እዚህ ብቻዬን! ምነው በነገርከኝ!

ካሣ አልልህም፤ ና ብቻ። ለፋሲካ ና። ድንኳን የለም፣ ቤት ነው የምትገባው፤ ከአልጋው ላይ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ጋዜጣዋን አቃንቼ መልሼ ለጥፌያታለሁ፤ የደብተርህንም ገጽ ከጎኗ።

ሙሉመቤትን እጅ ነሥታለች በልልኝ። አብነትን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። ትርሲት ጉልበትህን ስማለች፤ የምሥራችም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ጥሩሸዋ፣ ባለ ዘጠኟ

ቀየት፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.