እንዳሁላ ስትጠማ

መስከረም 14 ቀን 2014፣ ሐይቅ
ገበያ የለም፤ ሱቁን ቶሎ ዘጋሁ። በረንዳ ላይ የአበባ ጣሳዎቼን ስነካካ ዋልኩ። እንዳሁላዎቼ አበቡ... ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ። ጎረቤቴ ሀጀራ መጥታ የምትተክለው ሌላ ቅጠል ለመነችኝ። የበፊቷን ገድላታለች። "በየቀኑ ባጠጣት ባጠጣት በሰበሰችብኝ" ትላለች። ሳቄን አልቻልኩትም። እንዳሁላ እኮ ውሃ ሲበዛባት ነው የምትሞተው። ስትጠማ ቅጠሏ ይቀላል እንጂ ምንም አትሆንም።
አባዬ ከአልጋው ሆኖ፣ "እኔን እንዳትረሱኝ፤ እኔ እንዳሁላ አይደለሁም" አለ።

ጥቅምት 19
ሰው ሁሉ እየወጣ ነው። ተኩሱ ቀርቧል። አባዬ መራመድ አይችልም፤ መኪና ጠፋ። "ልጆችሽን ይዘሽ ውጭ" ብሎ ተቆጣኝ። ሀጀራ የትም አልሄድም አለች። "ቁልፉን ስጭኝ። ምግቡም ውሃውም በእኔ። አብሽሪ።"
አማና፣ አደራ አልኳት። እጄን ይዛ፣ "አማና" አለች። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ኅዳር 11፣ ደብረ ብርሃን
ስልክ አይሠራም። ሀጀራ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር...

ታኅሣሥ 3፣ ሐይቅ
ገባን። አባዬ የለም። የሰፈር ሰው ቀብሮታል።
ሀጀራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። "አጀሉ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። ወላሂ፣ በየቀኑ እየገባሁ አጠጣው ነበር። አበባሽን እንኳ ሳላጠጣ የዋልኩበት ቀን የለም።"
አመሰገንኳት። ብቻውን አለመሞቱ አጽናናኝ።

ታኅሣሥ 4
ጠዋት በረንዳ ወጣሁ። እንዳሁላዎቹ ሁሉም አሉ። አንዷም አልበሰበሰችም። ቅጠላቸው ተጨማዷል፤ እስከ መሃሉ ቀልቷል። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ... አቧራ።
በየቀኑ?
ገብቼ የአባዬን የውሃ ጆግ አየሁ። ሸረሪት አድርቶበታል።
ፈራሁ፣ ከቤት መውጣት አቃተኝ ብትለኝ እኮ... እኔም ፈርቼ ነው የሸሸሁት። አብረን እናለቅስ ነበር። ወላሂ ብላ ዋሸችኝ።

ታኅሣሥ 20
ሀጀራ መጣች። "መስከረም የሰጠሽኝም በሰበሰችብኝ። እስቲ ሌላ ቅጠል።"
የራሷንስ ስታጠጣ ከርማለች ማለት ነው።
ድሮ ስትጠይቀኝ እየሳቅኩ ነበር የምቆርጥላት። ዛሬም ቆረጥኩላት፤ በጣም ከቀላችው።
"ይችን ውሰጃት" አልኳት። "ጦርነቱን ሙሉ በየቀኑ ስታጠጫት የነበርሽው ናት።"
ቅጠሉን አገላብጣ አየችው። ቀና አላለችም። አብሽሪ ልላት አፌ ላይ መጣ... ዋጥኩት።
የቤቴን ቁልፍ ከጣሳዎቹ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። ቅጠሉንም አልወሰደችው።